ፍሙ ምጣዱን ምን ያህል ያየዋል? ቪው ፋክተርን በሲሙሌሽን የማስላት መመሪያ

ጥቅምት ሲገባ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ወቅት የቤቱ ሞቃት ቦታ እንጀራ የሚጋገርበት ነው። ሰው ሁሉ ሰበብ ፈልጎ ወደዚያ ይገባል። እኔም ምጣድ ዳር ቁጭ ብዬ ያስተዋልኩት ነገር ነው ይህን ያስጻፈኝ። እሳቱ መሃል ላይ ተሰብስቦ ሲነድ የእንጀራው መሃል ዓይን አውጥቶ ይበስላል። ዳሩ ግን ሊጥ ሊጥ እንዳለ ይቀራል። ጎረቤታችን እትዬ ይህን ሲያዩ ጋጋሪዋን "ፍሙን ወደ ዳር በተን አድርጊው እንጂ፣ ልጄ" ይሏታል። ይበተናል። ቀጣዩ እንጀራ ደህና ይወጣል።

ለምን? ምን ያህል መበተን አለበት? ምጣዱ ዝቅ ቢልስ ምን ይሆናል? ለእነዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆን አንድ ቁጥር አለ። መሐንዲሶች ቪው ፋክተር ይሉታል። እኔ "የመተያየት ድርሻ" ብለው ደስ ይለኛል። ይህን ቁጥር በተራ ላፕቶፕ፣ በኤክሴል ብቻ፣ እንዴት እንደምታገኙት ደረጃ በደረጃ አሳያችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ አደራ እላለሁ። ሲሙሌሽናችሁን፣ ማለትም እውነተኛውን ነገር በኮምፒውተር የሚያስመስለውን ሒሳብ፣ መልሱ በሚታወቅ ጥያቄ ሳትፈትኑ አትመኑት። ይህን የምለው ለደንቡ ያህል አይደለም፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

የምንፈልገው ቁጥር ምንድን ነው?

የጋለ ነገር ሁሉ ጨረር ይረጫል። ከፍሙ ገጽ ከሚወጣው ጨረር ውስጥ በቀጥታ ሄዶ ምጣዱ ሆድ ላይ የሚያርፈው ስንት እጁ ነው? ድርሻው ማለት ይህ ነው። ከ0 እስከ 1 ይሆናል። 0 ከሆነ ጨርሶ አይተያዩም። 1 ከሆነ ከአንዱ የወጣው ሁሉ ሌላው ላይ ያርፋል።

ቁጥሩ የቅርጽና የአቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ነው። ፍሙ የኩበት ይሁን የባሕር ዛፍ አያገባውም። ስለ ሙቀት መጠንም አያውቅም። ያው ምድጃ ደብረ ብርሃን ቢቀመጥ ወይም ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቢቀመጥ ቁጥሩ ያው ነው።

የምንይዘው ግምት አንድ ነው። ገጹ ጨረሩን በሁሉም አቅጣጫ ይረጫል፤ ፊት ለፊት በርከት፣ ወደ ጎን ባዘነበለ ቁጥር ደግሞ በኮሳይን ልክ ሳሳ እያለ። ይህ የላምበርት ሕግ ነው። ላምበርት ስለ ብርሃን ልኬት የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1760 እ.ኤ.አ. ነበር። ለፍም፣ ለሸክላና ለአመድ ግምቱ በቂ ነው። ለሚያብረቀርቅ ብረት ግን አይሆንም።

ሦስት ሕጎችን በቃላችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ከአንድ ገጽ የወጣ ጨረር የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም፤ ስለዚህ የድርሻዎቹ ድምር 1 ነው። ሁለተኛ፣ የአንዱ ስፋት ሲባዛ ወደ ሌላው ባለው ድርሻ፣ ከሌላው ስፋት ሲባዛ ወደ አንዱ ባለው ድርሻ ጋር እኩል ነው። ሦስተኛ፣ ዝርግ ገጽ ራሱን አያይም፤ ለራሱ ያለው ድርሻ 0 ነው። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ሥራ ያቀልላሉ።

ደረጃ 1፦ ለኩ

ሜትር ይዛችሁ ማድ ቤት ግቡ። የሚያስፈልጉት ልኬቶች ሦስት ናቸው። የፍሙ ክምር ከመሃል እስከ ዳር፣ የምጣዱ ከመሃል እስከ ዳር፣ እና ከፍሙ አናት እስከ ምጣዱ ሆድ ያለው ከፍታ። ለምሳሌያችን እነዚህን እንያዝ።

ፍ = 0.20 ሜትር (የፍሙ ሬዲየስ)
ም = 0.30 ሜትር (የምጣዱ ሬዲየስ)
ከ = 0.20 ሜትር (ከፍታው)

ፍሙን እንደ ዝርግ ክብ እንወስደዋለን። እውነተኛው ፍም ጎርበጥ ያለ ነው፣ አውቃለሁ። ለመነሻ ግን ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የታወቀውን መልስ አስቀድማችሁ ያዙ

መሃላቸው በአንድ መስመር ላይ ለሆነ ሁለት ትይዩ ክቦች ቀመር አለ። መጀመሪያ ሰ የምንለውን እናስላ።

ሰ = 1 + (ከ² + ም²) ÷ ፍ²

ከዚያ፦

ድርሻ = ½ × [ሰ − √(ሰ² − 4 × (ም ÷ ፍ)²)]

በእኛ ልኬት ሰ = 4.25 ይሆናል። ድርሻው 0.620 ነው። ማለትም ከፍሙ ከሚወጣው ጨረር 62 በመቶው ምጣዱን ያገኘዋል። 38 በመቶው በጎን ያመልጣል።

ከፍታውን ብቻ እየቀየራችሁም አስሉ። በ30 ሳንቲሜትር 0.445 ይመጣል። በ12 ሳንቲሜትር 0.801 ይሆናል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ ይባላል፤ የጉልቻው ቁመት ግን ለጨረሩ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል። ሦስቱንም ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው። በኋላ ሲሙሌሽናችሁን የምትፈትኑት በእነሱ ነው።

ቀመር ካለ ሲሙሌሽኑ ምን ያደርጋል? ቀመሩ የሚሠራው ለንጹሕ ክብ ብቻ ነው። ፍሙ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል፣ ጉልቻ መሃል ሲገባ፣ ምድጃው ግድግዳ ሲኖረው ቀመሩ ያበቃል። ጨረር መቁጠር ግን ይቀጥላል።

ደረጃ 3፦ ጨረር በዕጣ መወርወር

ዘዴው ሞንቴ ካርሎ ይባላል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የሒሳብ ሊቃውንቱ ኡላምና ፎን ኖይማን የኒውትሮንን ጉዞ ለማስላት ያበጁት ነው። ስሙ ሞናኮ ካለው ቁማር ቤት የመጣ ነው፣ ዕጣ ስለሚጣልበት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከፍሙ ላይ በዘፈቀደ አንድ ነጥብ ምረጡ። ከዚያ ነጥብ በዘፈቀደ አንድ አቅጣጫ ምረጡ። ጨረሩን ልቀቁትና ምጣዱ ላይ አረፈ ወይስ አመለጠ ብላችሁ መዝግቡ። ይህን ሺህ ጊዜ ደጋግሙ። ያረፈው ለተወረወረው ሲካፈል ድርሻው ነው።

ለእያንዳንዱ ጨረር ከ0 እስከ 1 ያሉ አራት የዘፈቀደ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው።

መነሻው ከመሃል ያለው ርቀት = ፍ × √ሀ
የመነሻው አቅጣጫ = 360 ዲግሪ × ለ
ጨረሩ ምጣዱ ከፍታ ሲደርስ ወደ ጎን የሄደው ርቀት = ከ × √(ሐ ÷ (1 − ሐ))
ወደ ጎን የሄደበት አቅጣጫ = 360 ዲግሪ × መ

ሁለቱ ስኩዌር ሩቶች የዚህ ሥራ ልብ ናቸው። የመጀመሪያው የመጣው ከክቡ ስፋት ነው። ክብ ወደ ዳሩ ሲሄድ ይሰፋል፤ ስለዚህ ብዙ ነጥብ የሚያስፈልገው ዳሩ ነው። ሁለተኛው የላምበርት ሕግ ነው። ጨረሩ ከቀጥታው ያዘነበለበት አንግል ሳይን ስኩዌር በዕጣ ሲወጣ፣ ኮሳይኑ የሚፈልገው ስርጭት በትክክል ይገኛል። ታንጀንቱ √(ሐ ÷ (1 − ሐ)) የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዱን በእጅ እንሥራው። ሀ = 0.49፣ ለ = 0.25፣ ሐ = 0.36፣ መ = 0 ይሁኑ። የመነሻው ርቀት 0.20 × 0.7 = 0.14 ሜትር ነው። አቅጣጫው 90 ዲግሪ ስለሆነ መነሻችን (0፣ 0.14) ነው። ታንጀንቱ √(0.36 ÷ 0.64) = 0.75 ነው። ወደ ጎን የሄደው 0.15 ሜትር ነው። ማረፊያው (0.15፣ 0.14) ሆነ። ከመሃል 0.205 ሜትር ይርቃል። ከ0.30 ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ምጣዱ ላይ አርፏል።

አሁን ሐን ብቻ 0.81 አድርጉት። ታንጀንቱ 2.06 ይሆናል። ወደ ጎን 0.413 ሜትር ይሄዳል። ማረፊያው ከመሃል 0.436 ሜትር ላይ ነው። ይህኛው አመለጠ። ሁለት ሦስት ጨረር በእጃችሁ ሳትሠሩ ወደ ኮምፒውተር አትሂዱ። በእጅ የሠራ ሰው ስህተቱን ቶሎ ያያል።

ደረጃ 4፦ ኤክሴል ላይ አስቀምጡት

አንድ ረድፍ አንድ ጨረር ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ዓምድ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣውን፣ ራንድ (RAND) የሚባለውን ፋንክሽን አስገቡ። በ5ኛው የመነሻውን ርቀት፣ በ6ኛውና በ7ኛው የመነሻውን ሁለት ቁጥሮች በኮሳይንና በሳይን አውጡ። 8ኛው ወደ ጎን የሄደው ርቀት ነው። 9ኛውና 10ኛው ማረፊያው ናቸው፤ መነሻው ላይ የ8ኛውን ዓምድ በኮሳይንና በሳይን እያባዛችሁ ትደምራላችሁ። 11ኛው ማረፊያው ከመሃል ያለው ርቀት። 12ኛው ላይ ርቀቱ ከ0.30 ካልበለጠ 1፣ ከበለጠ 0 ይጻፍ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኤክሴል ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላው በራዲያን ነው። ስለዚህ በ360 ፈንታ 6.2832 አባዙ። ራንድ 1ን ራሱን ስለማያወጣ ለ0 ማካፈል አይገጥማችሁም።

ረድፉን ወደ ታች ጎትታችሁ 10,000 አድርሱት። የ12ኛው ዓምድ አማካይ መልሳችሁ ነው። ኤፍ9ን በተጫናችሁ ቁጥር አዲስ ዕጣ ይጣላል። ቁጥሩ 0.62 አካባቢ ወዲያ ወዲህ ሲል ታዩታላችሁ።

ስንት ጨረር ይበቃል?

መልሱ የሚዋዥቅበት መጠን √(ድ × (1 − ድ) ÷ ብዛት) ነው፤ ድ ድርሻው ነው። ለእኛ 0.62 በ100 ጨረር ±0.049 ይሆናል። በ1,000 ±0.015፣ በ10,000 ±0.005፣ በ1,000,000 ±0.0005 ነው። አንድ ተጨማሪ ትክክለኛ አሃዝ ለማግኘት ጨረሩ መቶ እጥፍ መጨመር አለበት። ለምድጃ ሥራ 10,000 ከበቂ በላይ ነው። የፍሙን ሬዲየስ ራሱ በ1 ሳንቲሜትር ልዩነት ለክታችሁት አራተኛ አሃዝ ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው።

መልሳችሁን ስትናገሩ ግን መዋዠቁንም አብራችሁ ተናገሩ። "0.62" እና "0.62 ሲደመር ሲቀነስ 0.05" አንድ አይደሉም።

ደረጃ 5፦ ፈተናው

ወደ አደራዬ መጣሁ። መጀመሪያ ይህን ስሠራ ጨረሮቹን ሁሉ ከፍሙ መሃል ነበር የወረወርኳቸው፤ መነሻውን መበተን ረስቼ። አንግሉንም ከ0 እስከ 90 ዲግሪ እኩል በዕጣ መረጥኩት። ሁለት ከባድ ስህተቶች ናቸው። የመጣው ቁጥር 0.626 ነበር። ትክክለኛው 0.620 ነው! ተስማምቷል ብዬ ልተወው ነበር። ከፍታውን ወደ 12 ሳንቲሜትር ስቀይረው 0.758 አለኝ። ቀመሩ የሚለው 0.801 ነው። በ30 ሳንቲሜትር 0.50 ሰጠኝ፤ መሆን የነበረበት 0.445 ነው። ሁለቱ ስህተቶች በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ ተጣፍተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር ገጠመ ብዬ አልረካም። እናንተም እንዲህ ፈትኑ።

አቅጣጫውን ለብቻው ፈትኑ። 5ኛውን ዓምድ ሁሉ 0 አድርጉት፤ ጨረሩ ከመሃል ብቻ ይነሳል። ያኔ ትክክለኛው መልስ ም² ÷ (ም² + ከ²) ነው፤ በእኛ ልኬት 0.692። 0.626 ከመጣ አንግሉን እኩል እየመረጣችሁ ነው። 0.445 ከመጣ ደግሞ ከፍሙ በላይ ባለው አቅጣጫ ሁሉ እኩል እየበተናችሁ ነው፤ የኮሳይኑ ሕግ ተረስቷል።

መነሻውን ለብቻው ፈትኑ። 5ኛውን ዓምድ በራሱ አባዝታችሁ አማካዩን ውሰዱ። የፍ² ግማሽ፣ ማለትም 0.02 መሆን አለበት። 0.0133 ከመጣ ሀ ላይ ስኩዌር ሩት ረስታችኋል። ነጥቦቹ መሃል ላይ ተከማችተዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም መልሱና በሦስቱ ከፍታዎች ሩጡ። 0.445፣ 0.620፣ 0.801። ሦስቱም በመዋዠቁ ልክ ከገጠሙ ሲሙሌሽናችሁ ታምኗል።

ደረጃ 6፦ የዳሩ ነገር

አሁን ወደ እንጀራው እንመለስ። ሲሙሌሽኑ ጨረሩ ማረፉን ብቻ ሳይሆን የት እንዳረፈም ያውቃል። 11ኛው ዓምድ ላይ ተጽፏል። ምጣዱን በሦስት ቀለበት ክፈሉት፦ ከመሃል እስከ 10 ሳንቲሜትር፣ ከ10 እስከ 20፣ ከ20 እስከ 30። እያንዳንዱ ላይ ስንት ጨረር እንዳረፈ ቁጠሩ።

ከ1,000 ጨረር 117ቱ ገደማ መሃሉ ላይ ያርፋሉ። 265ቱ በመካከለኛው ቀለበት፣ 238ቱ በዳሩ። 380ው ያመልጣሉ። ሲታይ ዳሩ ከመሃሉ በላይ ያገኘ ይመስላል። ስፋታቸውን አትርሱ። የሦስቱ ስፋት 1 ለ3 ለ5 ነው። ስለዚህ በእኩል ስፋት ሲታይ መሃሉ 117፣ መካከለኛው 88፣ ዳሩ 48 ነው የሚደርሰው። መሃሉ ከዳሩ 2.5 እጥፍ ገደማ ይቀበላል። ዳሩ ሊጥ ሊጥ የሚለው ለዚህ ነው።

እትዬ እንዳሉት እንበትነው። ፍሙን ከ20 ወደ 28 ሳንቲሜትር ሬዲየስ አስፉትና እንደገና ሩጡ። አሁን ከ1,000 ጨረር 82 መሃል፣ 214 መካከል፣ 247 ዳር ላይ ያርፋሉ። በእኩል ስፋት 82፣ 71፣ 49 ነው። የመሃሉና የዳሩ ልዩነት ከ2.5 ወደ 1.7 እጥፍ ወረደ።

ነገር ግን አጠቃላይ ድርሻው ከ0.620 ወደ 0.543 ቀንሷል። ፍሙ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር በጎን የሚያመልጠው ይበዛል። ይህ ለእኔ የሥራው ሁሉ ፍሬ ነው። መበተን እንጀራውን እኩል ያበስላል፤ ማገዶ ግን ይበላል። ጎኑ ሲከደን ብቻ ነው ሁለቱም የሚገኙት። እሳቱን ቀለበት አድርጋችሁ፣ መሃሉን ባዶ ትታችሁም ሞክሩት። መነሻው ላይ ብቻ ትንሽ መቀየር ነው፦ ርቀቱን √(ውስጠኛው² + ሀ × (ውጨኛው² − ውስጠኛው²)) አድርጉት።

ደረጃ 7፦ የተከደነ ምድጃ

እንደ ምርጥ ምድጃ ያሉት ዙሪያቸው የተዘጋ ነው። ያ የሚያመልጠው 0.38 የጋጋሪዋን ቅልጥም ከማቃጠል ይልቅ ግድግዳውን ያገኛል። ግድግዳው ከፍሙ ዳር ተነስቶ ምጣዱ ዳር ድረስ ዘመም ብሎ የወጣ ነው ብንል፣ ሦስት ገጾች አሉን፦ ፍም፣ ምጣድ፣ ግድግዳ። አዲስ ሲሙሌሽን አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሕጎች ይበቃሉ።

ስፋታቸው በተራ 0.126፣ 0.283 እና 0.351 ካሬ ሜትር ነው። ከፍም ወደ ግድግዳ 1 − 0.620 = 0.380። ከምጣድ ወደ ፍም 0.620 × 0.126 ÷ 0.283፣ ማለትም 0.275 ገደማ። ከምጣድ ወደ ግድግዳ ቀሪው 0.725። ከግድግዳ ወደ ፍም 0.136፣ ከግድግዳ ወደ ምጣድ 0.583። ግድግዳው ጎባጣ ስለሆነ ራሱንም ያያል፤ የቀረው 0.281 የራሱ ነው። ከአንድ ቁጥር ሙሉው ሰንጠረዥ ወጣ። ግድግዳው አንዴ ከጋለ ከሚረጨው 58 በመቶው ምጣዱን ያገኘዋል። ጎኑን መክደን የሚጠቅመው ነፋስ ስለሚከልል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ዋት

ድርሻውን ወደ ሙቀት ለመለወጥ የስቴፋን ቦልትዝማንን ሕግ ተጠቀሙ። ፍሙንም ምጣዱንም ጨረር ሁሉ የሚውጡ ጥቁር ገጾች እንበላቸው። ፍሙ 1,000 ኬልቪን፣ የምጣዱ ሆድ 500 ኬልቪን ይሁን። በሴንቲግሬድ 727 እና 227 ገደማ ናቸው።

የሚተላለፈው ሙቀት = የፍሙ ስፋት × ድርሻው × 5.67 × 10⁻⁸ × (1,000⁴ − 500⁴)

በ20 ሳንቲሜትር ከፍታ 4,140 ዋት ገደማ ይወጣል። በ12 ሳንቲሜትር 5,350፣ በ30 ሳንቲሜትር 2,970 ነው። ሙቀቱ በኬልቪን ካልገባ ሁሉም ይበላሻል፤ 273 መደመር አትርሱ።

ይህን አይቶ ምጣዱን እስከ ታች ማውረድ ደግሞ ልክ አይደለም። እሳት አየር ይፈልጋል። ከታፈነ ይጨሳል፣ ፍሙም ይቀዘቅዛል። ነበልባሉና ትኩሱ አየር የሚያመጡት ሙቀትም እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ቪው ፋክተር የሚነግረን የቀጥታ ጨረሩን ድርሻ ነው።

ጉልቻው ሲከልል

ክፍት ምድጃ ላይ ሦስቱ ጉልቻዎች ጨረር ያግዳሉ። እያንዳንዱን ጉልቻ ከመሬት እስከ ምጣዱ ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ ዓምድ አድርጉት። ጉልቻው ሙሉውን ከፍታ ስለያዘ ነገሩን ከላይ ወደ ታች ብቻ ማየት ይበቃል። ከመነሻው እስከ ማረፊያው መስመር አስምሩ። መስመሩ ለጉልቻው መሃል የሚቀርብበትን ርቀት አስሉ። ከጉልቻው ሬዲየስ ካነሰ ጨረሩ ታግዷል፤ 0 ይጻፍ። ለሦስቱም አድርጉት። ጨረሩ ከጉልቻው ውስጥ እንዳይነሳም ተጠንቀቁ።

እዚህ ላይ ኤክሴል ይከብዳል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነምፓይ (NumPy) ከሚባለው የሒሳብ ጥቅሉ ጋር ብትጠቀሙ ይሻላል፤ ሚሊዮን ጨረር ወዲያው ይቆጥርላችኋል። ሲዱን፣ ማለትም የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚነሱበትን ቁጥር፣ ቋሚ አድርጉት፣ ያው ዕጣ እንዲደገም። አለበለዚያ ለውጡ ከጉልቻው ይምጣ ከዕጣው መለየት ያስቸግራል። ጉልቻዎቹን አጥፍታችሁ መጀመሪያ 0.620 ማግኘታችሁን አረጋግጡ።

ዒላማው ትንሽ ሲሆን ደግሞ አቅጣጫውን ገልብጡ። ከምድጃው ራቅ ብላ የተቀመጠች ጀበና ድርሻዋ 0.002 ቢሆን፣ ከ10,000 ጨረር የሚያገኟት 20 ገደማ ናቸው። መዋዠቁ 22 በመቶ ይደርሳል። ከጀበናዋ ተነስታችሁ ወደ ፍሙ ወርውሩ፤ ከዚያ በሁለተኛው ሕግ መልሱት። ሥራው በብዙ ይቀልላል።

ያው ዘዴ እርሻ ላይ

በመንዝና በጣርማ በር ደጋ ገበሬውን የሚያሰጋው ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው ሰማይ ይረጫል። ገብሱ ወይም ባቄላው ምን ያህል ሰማይ ያያል የሚለው እንግዲህ ያው የመተያየት ድርሻ ነው።

ረጅም የድንጋይ ካብ አጠገብ ላለ መሬት ቀመሩ አጭር ነው። ከመሬቱ ሆናችሁ የካቡን አናት የምታዩበትን አንግል ውሰዱ። የሰማዩ ድርሻ (1 + ኮሳይን አንግሉ) ÷ 2 ነው። ካቡ 2 ሜትር ቢሆን፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ 0.724 ይሆናል። 2 ሜትር ላይ 0.854፣ 6 ሜትር ላይ 0.974 ነው። ከካቡ ራቅ ሲሉ ጥቅሙ ቶሎ ያልቃል። ቀዝቃዛ አየር ጎድጓዳ ቦታ ላይ መተኛቱ ለብቻው የሚታይ ሌላ የውርጭ መንስኤ ነው፤ ይህ ሒሳብ እሱን አይዝም።

መሬቱ ዙሪያ ጎጆ፣ ባሕር ዛፍና ገደል ካለ ግን ቀመር የለም። ያኔ ከምትፈልጉት ነጥብ 10,000 ጨረር ወደ ላይ ወርውሩ። የጨረሩ ዝንባሌ ከላይ ባየነው በሐ፣ አቅጣጫው በመ ይውጣ። እያንዳንዱ ጨረር በሄደበት በኩል የከለላው አናት ስንት ዲግሪ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አስቀድማችሁ በየ10 ዲግሪው ዞራችሁ መዝግቡ። ጨረሩ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰማይ አገኘ፣ ከታች ከሆነ ተከለለ። ሰማይ ያገኙትን ቁጠሩ። መጀመሪያ ግን ያንን ባለ 2 ሜትር ካብ በ2 ሜትር ርቀት ላይ አስገቡና 0.854 መምጣቱን እዩ።